መንትዮቹ

በገጠር ከተማ የግል ክሊኒክ ለመክፈት የሚያስፈልገው መንገድ ዳር ያለ ቤት፣ ነጭ ጋዋንና ታይፎይድ ነው። ታይፎይድ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ታይፈስን አስከትሎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውዬ ራሴን ቢያመኝ ጎራ ብዬ፣ የሁለቱም ባለቤት ሆኜ ወጣሁ። ከፊቴ ጉልበታቸውን ያመማቸው እማማ ነበሩ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። ሚስቱን ሊያሳክም የመጣው ጎረምሳም «እግረ መንገድህን» ተብሎ ቢመረመር፣ ተገኘበት።

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ዘዴ ነው፤ አንዴ ብቻ ከተሠራ ዛሬ የታመመውንና ድሮ ታሞ የዳነውን በቅጡ አይለይም። ለክሊኒኩ ግን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ባለ ክሊኒኩን ብቻ አልወቅስም። «ምንም የለብዎትም፣ ይረፉ» ብሎ ቢሸኝ፣ ሰዉ «መርፌ እንኳ የማይወጋ!» ብሎ ቢጫ ግሉኮስ ወደሚሰቅለው ጎረቤቱ ይሄድበታል። ኪራዩ በየወሩ ነው፤ ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው ግን እህሉ ሲሸጥ። ክረምቱን በሙሉ ዱቤ ነው። የጤና መድን ደብተር ያለው ደግሞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» እስኪባል ድረስ።

እማማን ትናንት አገኘኋቸው። መድኃኒቱን አንድም ሳያጓድሉ ጨርሰዋል። ጉልበታቸውን አሁንም ያማቸዋል።