ለመኪና ዓይን ኩል

አንድ ደቀ መዝሙር የጎንደርን አቋቋም ጠንቅቆ መሪጌታ እስኪባል ዓመታት ይፈጅበታል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፣ ውሻ ይነክሰዋል፣ ደበሎው ጀርባው ላይ ያልቃል። የመኪና መብራት ሊቅ ለመባል ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቂ ነው። ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ አንድ ቱቦ ሲልኮን፣ በስልክ የታየ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮና ምጣዷን የማትሰስት እናት ከተገኙ ምርቃቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ይፈጸማል።

ምጣዱ ለምን አስፈለገ? የመብራቱ የፊት ሽፋን ከገላው ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫው ካልሞቀ አይለቅም። ፈረንጅ ለዚህ ሥራ የዳቦ መጋገሪያውን ይጠቀማል። የሰፈራችን ሊቅ ደግሞ ባለው ተጠቀመ፤ የቪትዝ መኪናውን ሁለት መብራቶች ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ አሳረፈና አክንባሎ ደፋባቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ገነፈለ፤ ምጣዴን መቼ ነው የምትለቅልኝ?»

«አንዴ ጠብቂኝ እማዬ፣ ዓይኗን እያበሰልኩላት ነው።»

«ዓይኗን? ምን በደለችህ?»

አንደኛው መብራት ጥጉ ላይ ትንሽ ቀለጠ። ሊቁ ግን አልደነገጠም፤ «ዲዛይን ነው» አለ።

ሽፋኑ ከተላቀቀ በኋላ ዋናው ጥበብ ይጀምራል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው የሚያብረቀርቅ ገበታ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ መንገዱ እንዲወረውር የተሠራ ነው። የጃፓን መሐንዲሶች እያንዳንዷን ጉብጠት ለክተዋታል። ሊቃችን ግን መብለጭለጩ ቅር ስላለው ጥቁር ስፕሬይ አለበሰው። ጥቁር የለበሰ መብራት ስታዩ «ማን ሞቶበት ነው?» ትሉ ይሆናል። ገና ነው።

ቀጥሎ ኩሉ ይመጣል። ከላይ እንደ ቅንድብ የተሰካካ ሰማያዊ መብራት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ክብ ቀለበት። ቀለበቱን «የመልአክ ዓይን» ይሉታል። መላእክት ለጎንደር ብርቅ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ስንት ዓይን ቁልቁል እንደሚመለከተው ያውቃል። ልዩነቱ የጣሪያዎቹ መላእክት የሚያዩን መሆናቸው ነው፤ የቪትዟ መልአክ እኛን ዓይናችንን ያስጨፍነናል እንጂ ራሱ የሚያየው ነገር የለም። በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ቀለበት ሽቦ ተላቀቀና መኪናዋ አንድ ዓይና ሆና ትዞር ጀመር። የጥንት ሰዓሊዎቻችን ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይስሉ ነበር። ቪትዟን ቢያዩ ከእነማን ጋር እንደሚያሰልፏት አይቸግራቸውም ነበር።

የአምፖሉ ነገር ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ያለችው ኤች ፎር የምትባል አምፖል ረዥም መብራቷ 60፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። ከአጭሩ ክር ሥር አንዲት ማንኪያ የምትመስል የብረት ጋሻ አለች፤ ሥራዋ ብርሃኑ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ፋብሪካው ይሉኝታን በብረት ቀርጾ አምፖሉ ውስጥ አስቀመጠው ማለት ነው። ሊቃችን ይሉኝታዋን አውጥቶ ጣለና በቦታዋ ነጭ ኤል ኢ ዲ ሰካ። ብርሃኑ አሁን ዛፉን፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውን፣ የሁለተኛውን ፎቅ መስኮት ሳይቀር ያሳያል። አስፋልቱ ብቻ ነው የጨለመው፤ አስፋልቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቪትዟ በትውልዷ ቀኝ መሪ ነበረች። ጃፓን በግራ ይነዳል፤ እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስንነዳ ኖረን ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ዞረናል። መሪዋ ወደ ግራ ተቀይሮ መጣች፤ መብራቷ ግን የጃፓኑ ነው። የዚያ አገር መብራት የግራ ዳር እግረኛን ለማሳየት ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ ዘንድ በግራ በኩል የሚመጣው ደግሞ የሌላ ሰው መኪና ነው። እንግዲህ ሊነካ ይገባው የነበረ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። እሱን ሊቃችን አልነካውም፤ ከፋብሪካው የወጣ ሥራ ማበላሸት አይወድም።

«ልኩል ብላ ዓይን አጠፋች» የሚሉ ምቀኞች አሉ። እነሱ ክረምት ላይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጥተው ይፈትኑት። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት የወገራ ጉም መሬት ላይ ይተኛል፤ ከደባርቅ ወዲያ ጣሊያን ገደሉን ጠርቦ የሠራው ሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ጉም ውስጥ ወደ ላይ የተረጨ ነጭ ብርሃን ተመልሶ የሹፌሩን ፊት ነው የሚያበራው። የአይሱዙ ሹፌሮች መብራታቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመንገዱን ጠርዝ እየተከተሉ ያዘግማሉ፤ ምስኪኖች፣ የሚያዩት መንገዱን ብቻ ነው። ሊቃችን ግን ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ተዘርግቶለት፣ የራሱን መብራት ውበት ያለ ምንም ከልካይ እያደነቀ ይነዳል። ገደሉ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ የሚለው ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ሕግ የለም ወይ? አለ እንጂ። ሊቃችንም ሕግ አክባሪ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲደርስ የፋብሪካው አምፖሎች ከአልጋ ሥር ይወጣሉ፣ ቅንድቡ ይነቀላል፣ ቪትዟም ለቁርባን እንደተዘጋጀች ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ወደ ኩሏ ትመለሳለች።

ኋላ ቀሮች ግን ዛሬም አልጠፉም። ሰፈራችን ውስጥ ሌሊት ለኪዳን የሚወጡ አንዲት እማማ አሉ። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ያላቸው የሁለት ድንጋይ ባትሪ ነው። ሰው ከፊታቸው ሲመጣ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋሉ፤ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብለው እስኪያልፍ ይጠብቁና እንደገና ያነሳሉ። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

ባለፈው ሊቃችን ከፊታቸው መጣ። እማማ እንደ ልማዳቸው ባትሪያቸውን አወረዱለት። እሱ አላወረደም። ጥግ ይዘው ቆሙና ባዶ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጋረዱ። ጠዋት ቡና ላይ ሲያወራ ሰማሁት፤

«የኔን መብራት ያላደነቀ የለም። እማማ እንኳ ሌሊት አይተውኝ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጡኝ።»