ፊርማዎ አይመሳሰልም

እኔ እኔ አለመሆኔን የተረዳሁት ፒያሳ፣ አንድ ባንክ ቤት ውስጥ ነው። ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ካሸር ወረቀቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። ከሦስታችን ያመነችው ኮምፒውተሩን ነው።

«አባባ፣ ፊርማዎ አይመሳሰልም» አለችኝ።

ባንድ አፍ ሁለት ዱላ! «አባባ» የሚለውን እንደምንም ዋጥኩት። ፊርማው ግን አነቀኝ። ሂሳቡን ስከፍት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ፊርማዬም እንደ እኔው ጎረምሳ ነበረች፣ ጅራቷን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ትወረውር ነበር። ዛሬ እሷንም እኔንም ጉልበት ከድቶናል። «እስቲ ይድገሙት» ስትለኝ አምስት ጊዜ ፈረምኩ፤ አምስቱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ አዘነልኝና «ፋዘር፣ ዘና ብለው ይፈርሙ» አለኝ።

ለነገሩ ገንዘብን በጥርጣሬ ማየት ለአራዳ ልጅ አዲስ አይደለም። ድሮ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረው ገበያ ጠገራ ብር የሚቀበል ሰው በብሩ ላይ የተቀረጸችውን የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ጌጥ ትክ ብሎ ያይ ነበር። የጌጧ ፈርጥ ከደበዘዘ ወይም ከጎደለ ብሩ ይመለሳል። ንግሥቲቱ ራሷ «አይመሳሰልም» የተባለችበት ሰፈር ውስጥ እኔ ማን ነኝ?

ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ሲከፍቱም ሰዉ ልቡ ያለው ከብሩ ጋር ነበር፤ ኋላ የመጣውን የወረቀት ገንዘብ ቶሎ አላመነውም። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ሺህ ብር ያወጣ ሰው 28 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ያኔ ከፊርማ ይልቅ በቅሎ ያስፈልግ ነበር። ባለ 200 ብር ኖት ከወጣበት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሺህ ብር አምስት ወረቀት ሆኗል። ኪሴ ውስጥ መግባቱ እንጂ መውጣቱ አይታወቀኝም።

ካሸሯ ግን ታውቃለች። የነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ያውቃሉ፣ ባለቤቴ ደሞዜን ታውቃለች። ከቤት ኪራይ በኋላ የተረፈኝን የምታውቀው ግን ካሸሯ ብቻ ናት። ሦስት መቶ ብር ላወጣ ስሄድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በዝርዝር ይሁንልዎት?» ትለኛለች። ዝርዝሩ ከምንም አያድነኝም፤ ከባንኩ ስወጣ ግን ኪሴ ያብጣል። እንዲህ ያለ ደግነት ከዘመድም አይገኝ።

ሥልጣኗም ቀላል አይደለም። «ሲስተም የለም» ካለች አለቀ። ሲስተም ምን እንደሆነ፣ የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። የማኅተሙ ድምፅ ዷ! ሲል «መጣ!» እንላለን፣ ልክ እንደ መብራት።

ልጄ «በስልክህ መላክ እየቻልክ ምን ያንከራትትሃል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ቤታቸው ሄደ፣ ሂሳባቸው ግን እዚሁ ባንክ ቀረ። ስለዚህ ወር ሲደርስ ከያሉበት ይመጣሉ። ማን እንደዳረ፣ ማን እንደታመመ የምሰማው ወረፋው ላይ ነው። ሲስተም የጠፋ ቀን ጨዋታው ይደምቃል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቶሎ ባይመጣ እላለሁ።

ባለፈው አመሻሽ ላይ ካሸሯን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስትቆጥር ውላ ለራሷ አሥር ብር ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብራለች። «ደህና አመሹ አባባ» አለችኝ፤ አሁንስ ለመድኩት። ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ረዳቱ መልስ ሰጣት፤ አንዷ ብር መሃሏ ተቀዶ በፕላስተር ተጠግናለች። ልጅቱ እንደ ልማዷ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየቻት፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት።

«ወንድሜ፣ ይቺን ቀይርልኝ» አለችው።

ረዳቱ ዞርም ሳይል፣

«ችግር የለውም እህቴ፣ ባንክ ውሰጂው፣ ይቀይሩልሻል!»