ልጃቸውን ዓለም አቀፍ ነጋዴ ለማድረግ ለቆረጡ የነቀምቴ ወላጆች

እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፏል። ኮሌጅ መምረጡ ይቆይና አስቀድመው በግ ይረዱ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አይዘንጉ፤ በግ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

ሥጋው ሲበላ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ምርጫ ያቀርባል። አጎት ሕክምና ይላል፣ አክስት ፋርማሲ ትላለች። እርስዎ ግን ጉሮሮዎን ጠርገው «ኢንተርናሽናል ቢዝነስ» ይበሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ማኔጅመንት ብቻ ቢሉ «እሱንማ የእገሌም ልጅ ተምሮት ቤት ተቀምጧል» የሚል አይጠፋም፤ «ኢንተርናሽናል» ሲጨመርበት ግን ቤት የተቀመጠውን ልጅ የሚያስታውስ የለም። በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ ደግሞ መካሪ ታጥቶ አያውቅምና እኔም የበኩሌን ልበል።

በመጀመሪያ ኮሌጁን በታፔላው ይመዝኑት። ታፔላው ላይ ሉል ተስሎ፣ ሉሉም የምርቃት ቆብ ከደፋ፣ ዓለም አቀፍነቱ ተረጋግጧል። ሕንፃው ከታች ፋርማሲና ካፌ፣ ከላይ ኮሌጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ተማሪው ደረጃ በወጣና በወረደ ቁጥር ንግድ ሲነገድ ያያል፣ ይህም የተግባር ትምህርት ተብሎ ይቆጠርለታል። አደራ፣ ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩኝ እንዳይሉ። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ «ማጀታችሁን ልየው» የሚል ጨዋ የለም።

ቀጥሎ ርቀቱን ይዩ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ጊምቢና ሻምቡ ላይም ካምፓስ አለው። ለደምቢ ዶሎም የራሱ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶለታል። የሁሉም ጥፋት ቅርብ መሆናቸው ነው። በባጃጅ ተሂዶ ለምሳ የሚመለሱበትን ትምህርት ማን ያከብረዋል? ልጅዎ አዲስ አበባ ይሂድ። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እናቱ የቋጠሩለት ጭኮ ባኮ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የቤት ኪራዩ፣ የምግቡና የትራንስፖርቱ ገንዘብ በየወሩ ከነቀምቴ ይወጣል፤ የሚገባ ነገር የለም። ባለሙያዎች ይህን የንግድ ጉድለት ይሉታል። ልጅዎ ገና ክፍል ሳይገባ እርስዎ ትምህርቱን ጀመሩት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ነገረኛ ጥያቄ አይጠይቁ። «ለዚህ ትምህርትና ለዚህ ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኛችሁትን ፈቃድ ልየው» ማለት ነውር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪው በእጁ አይገባም። ስለዚህ «አምና ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፈ?» ብሎ መጠየቅም ሰው ማሳፈር ነው። እነሱ የተመራቂዎችን ፎቶ ያሳዩዎታል፤ በጋዋኑ ማማር ይርኩ። ጋዋን ይከራያል፤ ውጤት የሚያከራይ ግን አልተገኘም። ልጅዎ በአንዴ ባያልፍ እንኳ አይዘኑበት። ኢትዮጵያ ራሷ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም.፣ ልጅዎ ሳይወለድ ነው፤ ጥያቄ ስትጠየቅና ስትመልስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል።

አራተኛውና ዋናው ምክሬ፣ ልጅዎን ከቡና ያርቁት። ቡና መጋዘን ደጃፍ የሚውል ልጅ ክፉ ነገር ይለምዳል። እሸቱን ከጀንፈሉ ይለያል። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን፣ ቡናው ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ ሲተላለፍ ማን ስንት እንደሚያተርፍ ያውቃል። ይባስ ብሎ ከጊምቢና ከአካባቢው የወጣው ቡና በጅቡቲ በኩል ባሕር ሲሻገር ስሙ «ለቀምቲ» መሆኑን ይሰማል። አዎ፣ ነቀምቴ ናት፤ እኛ አጠራሩን ብንተወውም የዓለም የቡና ገበያ አልተወውም። ጀርመን አገር ያለ ቀማሽ «ለቀምቲ» ሲባል የፍራፍሬ ቃና ምላሱ ላይ ይመጣበታል። ይህን ያወቀ ተማሪ «ግሎባል ማርኬት» ሲባል አይደነግጥም፤ የማይደነግጥ ተማሪ ደግሞ ለአስተማሪ አይመችም።

ነገሩ ከበረታበትም መጠየቅ ይጀምራል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ሲል፣ ስታርባክስም ሲያንገራግር ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ሲስማማ፣ ለቀምቲ የት ነበረች? ከሦስቱ ጋር ለምን አልተሰለፈችም? ጥያቄው ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሠርቶ እየተሸጠ ልጅ ለምን ይደክማል?

ታሪክም ቢሆን አያስነግሩት። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ልይ ብሎ ከወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ያገኘውና የድሮውን ንግድ ያጫውተዋል። የጎጃም ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ እንዴት እንደሚመጣ፣ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንደተከፈተ፣ የወለጋ ቡና በበቅሎ እዚያ ወርዶ በመርከብ ካርቱም ይገባ እንደነበር ይነግረዋል። መርከቡ የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ነው። ነጋዴው ከዘገየ ውሃው ይጎድላል፣ መርከቡ ይሄዳል፣ ቡናው ለከርሞ ይቀመጣል። የዝናቡን፣ የበቅሎውን፣ የወንዙንና የካርቱምን ዋጋ በአንድ ጭንቅላት አስማምተው የያዙት እነዚያ ሰዎች አንዳቸውም ጋዋን አልለበሱም። ዛሬ ይኸው ነገር «ሎጂስቲክስ» ተብሎ በስላይድ ይሰጣል፤ ስላይዱ ላይ የሮተርዳም ወደብ አለ፣ ባሮ የለም። ልጅዎ ይህን ሰምቶ ክፍል ከገባ እጁን ያወጣል። እጁን ካወጣ ደግሞ ነገር ይበላሻል።

እንግዲህ ምክሬን ሁሉ ካሟሉ በኋላ የኮሌጁ ሰው ብሮሸሩን ይዞ ልጅዎን ለመመዝገብ ቤትዎ ይመጣል። ወጉ ነውና ቡና ቀላ በቅቤ ያቅርቡለት። ሁለት ሦስት ፍሬ አኝኮ «እንዴት ይጣፍጣል!» ሲል፣ እስካሁን ያልኩዎትን ሁሉ ይርሱና አንድ ነገር ብቻ በትሕትና ይጠይቁት፦ «ለመሆኑ ጌታዬ፣ ለቀምቲ የሚባለው ቡና የየት አገር ነው?»

የብራዚል ነው ካለዎት አይቆጡት። ሳህኑን ጠጋ ያድርጉለት፤ ያልዋጠውን ይጨርስ።