የጭነት ባቡር ማየት በወላይታ ሶዶ፦ የመስክ ጥናት

ባቡር ቆሞ ማየት በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንግሊዞች፣ ኢያን አለን የተባለ የባቡር ኩባንያ ጸሐፊ በ1942 እ.ኤ.አ. የሎኮሞቲቭ ቁጥሮችን ዘርዝሮ ካሳተመላቸው ወዲህ፣ ጣቢያ ላይ ቆመው ያለፈውን ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። አሜሪካኖች ደግሞ «አጭር መስመር» የሚሏቸው ወደ 600 የሚጠጉ ትናንሽ የባቡር ድርጅቶች አሏቸው፤ ከፋብሪካና ከእህል ጎተራ ጥቂት ፉርጎ እየጎተቱ ትልቁ ሐዲድ ላይ የሚያደርሱ። ይህን ለማየት የሚነሣ ሰው አራት ነገር ያስፈልገዋል፦ ባቡሩ እስኪመጣ ዓይን እንዲያርፍ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ፣ ዱካ፣ ትርፍ ጊዜና ባቡር። ትርፍ ጊዜ ሶዶ ውስጥ ሞልቷል። ዱካውን አጥኚው ከቡና ሻጭ ተውሷል። ቀሪዎቹ ሁለቱ ምርምር ጠይቀዋል።

በመጀመሪያ ሶዶ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት ወይ? ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለተመለከተ፣ ጉም ካልጋረደው፣ አባያ ያንን ደለል የጠጣ ቀይ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል። ጉም ሲወርድ ሐይቁ የለም። ስለዚህ ሶዶ በበጋ የሐይቅ ዳር፣ በክረምት ደግሞ የተራራ ሥር ከተማ ናት። ጥናቱ የተካሄደው በኅዳር በመሆኑ መስፈርቱ ተሟልቷል።

ባቡሩ ግን ጠንከር ያለ ችግር ሆነ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ያን ሁሉ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለገሃር ሲደርስ ደክሞት ነው መሰል፣ ወደ ደቡብ እልፍ አላለም። በ2000 ዓ.ም. የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመና ከታቀዱት መስመሮች አንዱ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶና ወደ ወይጦ እንዲወርድ ተሠመረ። በመኪና ከሻሸመኔ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ሶዶን ሳይረግጥ አያልፍም፤ ባቡሩም በካርታው ላይ ከዚህ ልማድ ይወጣል ብሎ የሚጠረጥር የለም። መስከረም 2009 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር አንዳንዴ ሊዘገይ ይችላል፤ የወረቀቱ ባቡር ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ሐይቅና ባቡር ባገራችን ተገናኝተው አያውቁም ማለት አይደለም። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት 60 ዓመታት እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ አሮጌውን ሐዲድ እስከ መጋፋት ደረሰ። ይህ በሙያው ታሪክ ልዩ ቦታ ይገባዋል፤ ሐይቁ ራሱ ተነሥቶ ባቡር ሊያይ የመጣበት ነውና። አባያ እንዲህ ያለ ፍላጎት አላሳየም።

አጥኚው ተስፋ ቆርጦ ዱካውን ሊመልስ ሲነሣ ከመንገድ ማዶ አንዲት እናት ልጃቸውን «ይቺን በቆሎ ባቡር አድርሰህ ና!» ሲሉ ሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ባቡር» በዓረቦች አፍ በኩል የደረሰን የአውሮፓ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እንፋሎት ነው። አያቶቻችን እንፋሎትና ጭስ እየተፋ የሚያጓራውን ብረት ሁሉ ባቡር አሉት። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ያስመጣው ያለ ሐዲድ የሚሄድ ማሽን የሰርኪስ ባቡር ተባለ። በሐዲድ የሚሄደው «ምድር ባቡር» የተባለው ከሌሎቹ እንዲለይ ነው። እህል የሚፈጨውም ሞተር ባቡር ተባለ፤ ከተሜው «ወፍጮ ቤት» እያለ ቢያቆላምጠውም በአሮጌ ሰው አፍ ዛሬም ባቡር ነው። ስለዚህ ሶዶ የጭነት ባቡር አላት። እንዲያውም በየሰፈሩ አላት።

ይህ ባቡር በዓለም ላይ ካሉት አጭር መስመሮች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ርዝመቱ ዜሮ ኪሎ ሜትር። ሌላው ባቡር ወደ ጭነቱ ሲሄድ፣ የሶዶው ጭነቱ ወደ እሱ ይመጣል፦ በአህያ፣ በባጃጅ፣ በልጅ ጭንቅላት። የሐዲድ ስፋትን በተመለከተ አሮጌው የጅቡቲ መስመር 1 ሜትር፣ አዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህኛው ግን ስፋት የሚለካው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሲሆን እንደ ተሳፋሪው ይለዋወጣል። ለቂንጬ ሰፋ፣ ለእንጀራ ጠበብ። ይህን ያህል እንደ ልብ የሚለዋወጥ ሐዲድ በሌላ አገር መኖሩን አጥኚው አላነበበም።

ጉዞው ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ይመስላል። ሠራተኛው ቅንድቡ ድረስ ነጭ ነው፤ ሃያ ይሁን ሰባ ዓመቱ አይታወቅም። ማዳበሪያውን በጉልበቱ ደግፎ በቆሎውን ከላይ ባለው ሰፊ የብረት አፍ ይለቀዋል። ቺንጋው ያጨበጭባል፣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች የታሰረው የጨርቅ እጅጌ እንደ እባብ ተነፍቶ ትኩስ ዱቄት ይተፋል። ሠራተኛው በመዳፉ ዘገን ያደርግና በአውራ ጣቱ አሸት አሸት ያደርገዋል፤ ከዚያ ድንጋዩን አንድ ጥርስ ያጠብቃል። በርበሬ የራሱ ባቡር አለው፤ በዚያ በኩል ያለፈ ተመልካች ማስታወሻ መያዝ አይችልም፣ ያነጥሳል። እርጥቡ ማባያ ዳጣ ግን በባቡር አይሳፈርም። ወላይታ ዳጣውን ለድንጋይና ለእጅ ነው የሚተወው፣ አጥኚውም በዚህ ይስማማል።

የጉዞ ሰዓት የለም፣ ተራ አለ። ተራ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከበቆሎ በኋላ የገባ ጤፍ የመጀመሪያው እፍኝ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ማንም መቅደም ይፈልጋል፣ ጤፍ የያዘ ሰው ግን ከፊቱ ምን እህል እንዳለ ካላወቀ አይቀድምም። በናፍጣው ዘመን የጭስ ማውጫው ቱክ ቱክታ ማዶ ድረስ እየተሰማ ባቡሩ መነሣቱን ያሳውቅ ነበር። ዛሬ በከተማው አብዛኛው በመብራት ነው የሚሠራው፣ እንደ ጅቡቲው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም እኩል ይቆማሉ፤ ሶዶ ከብሔራዊው የባቡር ሥርዓት ጋር የምትገናኘው በዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ቺንጋው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ዝምታው ጆሮ ያማል። በሰልፉ መካከል ማዳበሪያቸው ላይ የተቀመጡ እናት አጥኚውን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ። ግብር ልትጭንብን ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ባቡር እያየሁ ነው።»

እናትየዋ የቆመውን ሞተር አዩ፣ እሱን አዩ።

«እንግዲያው ደብተር ከያዝክ ተራ መዝግብልን። መብራት ሲመጣ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል።»

አጥኚው መዘገበ። አሥራ አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ አንዲት ወጣት ሴት ማዳበሪያዬ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነበር ብላ ዘጠነኛው ላይ ገባች። ስምንተኛው ጤፍ ነበር፣ እሷ የያዘችው በቆሎ፣ አሥረኛዋ ጤፍ። መብራቱ የመጣው ጠቡ ገና ሳይበርድ ነው።