የኮረም መንገድ ድሮ ቀረ

እናንተ ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ የምትፈልጉ እኩዮቼ፣ ኑ አብረን እናማርር። ከሰቆጣ ኮረም መሄድ እንዲህ መቀለጃ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? የዘንድሮ ጎረምሳ ቁርሱን ሰቆጣ በልቶ ምሳዬ ኮረም ነው ይላል። ምን አስቸኮለው? የኮረም ሽሮ ይበርድበታል?

በእኛ ጊዜ ኮረም የሚሄድ ሰው ይሸኝ ነበር። ስንቁ ተቋጥሮ፣ አህያው ተጭኖ፣ ሽማግሌ መርቆት በሌሊት ይነሳል። ጥራሪ ወንዝ ሲደርስ ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራል። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ድንጋዩ ለስላሳ፣ ሽፍታው እንኳ ጨዋ! አጎቴን በዘረፉት ጊዜ የእናቱን ጤና ሳይጠይቁ አልለቀቁትም። ደግሞስ በሽታ የሚባል ነገር የት ነበር? እኔ እሾህ ወግቶኝ ክረምቱን ሙሉ ያነከስኩትን አትቁጠሩት፤ እሱ ጤና ነው።

ይህ አገር መኪና ሳያይ ስንቱን አይቷል! ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ሰቆጣ ገበያ የወጣው በከብት ጀርባ ነው። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት በየትኛው አይሱዙ ተሳፍረው ነው? አንድ ጣሳ ናፍጣ ሳያቃጥሉ ነው ዘውድ የደፉት። ኋላ ጣሊያን መጣና የመኪና መንገዱን ከደሴ አንሥቶ በኮረም በኩል ወደ መቀሌ ሲወስደው ሰቆጣን በስተ ምዕራብ ጥሏት አለፈ። መኪና ባይደርስብን እሰየው ነበር፤ ግን ምን ቢንቀን ነው አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ ሳያወጣልን የሄደው? በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም አሁንስ ተራችን ደረሰ አልን። ተራ መጠበቅ ዋግ ውስጥ ከአባት ለልጅ የሚወረስ ሙያ ነው።

ቆይቶ ቆይቶ ዶዘር መጣና ፒስታ ሆነ። ኮረኮንቹ ኩላሊት ያወርዳል፤ አቧራው ጋቢን ከጆንያ ጋር ያመሳስላል። አስፋልት ይሁንልን ብዬ ያልፈረምኩበት ማመልከቻ የለም። አስፋልት ሲሆን ደግሞ መኪናው ይበራል፤ ታዲያ ፍየሎቻችንን ማን ሊሰበስብ ነው?

እስቲ አንድ ቀን ቅጥቅጡ ላይ ውጡ። ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ረዳቱ «ጠጋ በሉ አባቴ፣ አንድ ሰው አለ» ይላል። በኽምጣና ስቆጣው በአማርኛ ይስቅብኛል። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ በታጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ዳገቱ ሲጀምር ካርቶኑ ይወድቃል፤ ረዳቱ አንሥቶ ይወትፈዋል፤ ተመልሶ ይወድቃል። ከእግሬ ሥር ደግሞ ዓሣ! ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ወንዙ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ ፍየል ሲያግድ ያደገው የአበርገሌ ልጅ መረብ ጣይ ሆኗል። ዋግ በማሩና በፍየሉ እንጂ በዓሣ ይታወቃል? (ጥብሱ ግን ሚጥሚጣ ካለው አይከፋም።) ከጎኔ ያለው ልጅ ጆሮውን በሽቦ ደፍኗል፤ ጨዋታ የለ፣ ወግ የለ። እኔም ተናድጄ እስከ ዛታ ተኛሁ።

በ77ቱ ድርቅ ግን በዚህ መንገድ የሄደ ሁሉ አልተመለሰም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ኮረምን ለዓለም ሲያሳይ፣ እዚያ ከወደቀው የዋግ ሰው ብዙው በእግሩ የደረሰ ነበር። እሱን እንተወው።

የሰሜኑ ጦርነት የኮረሙን መንገድ ሲዘጋው ደግሞ በቢልባላ አድርጋችሁ በላሊበላ ዙሩ ተባልን። እሱም ሩቅ ነው፤ በዚያ ላይ ላሊበላ ፈረንጅ ይበዛል። የእኛው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከሰቆጣ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከዐለት ተፈልፍሎ፣ የዋግሹሞችን አፅም አቅፎ ተቀምጦ፣ ዘወር ብሎ የሚያየው ፈረንጅ የለም። ይህ ንቀት ነው! ቢመጡ ደግሞ ጸጥታችንን ይነሱናል።

እናንተ ሹማምንት፣ ወይ መንገዱን አስፋልት አድርጉት፣ ወይ ወደ ጥንቱ መልሱት፤ መሃል ላይ አታንጠልጥሉን። እስከዚያው፣ የሚነሳ መኪና ካገኛችሁ ጋቢናዋን ለእኔ ያዙልኝ። ኋላ መቀመጥ ወገቤን ያመኛል፤ ሹፌሩም ቶሎ ቶሎ ይንዳ፣ ለምሳ መድረስ አለብኝ።