ምሳ ዕቃ ይዞ መዝናናት ነውር ነው

በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ቤተሰባቸውን በርካሽ የሚያዝናኑ ሰዎች በአዲስ አበባ መታየት ጀምረዋል። እሑድ በጠዋት ድንች ቀቅለው፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞልተው፣ ድፎ ዳቦ በፌስታል ቋጥረውና ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ያውም በአውቶቡስ! ሰው ምን ይላል አይሉም። አገር ወዴት እየሄደ ነው?

ጨዋ አባወራ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያዝናና ዘንግተውት ከሆነ እናስታውሳቸው። የመጀመሪያው ሕግ «እንደ ጎረቤትህ ኑር እንጂ እንደ ቤትህ አትኑር» የሚል ነው። አባቶች ተረቱን ገልብጠው የተናገሩት የዘንድሮን ካፌ ስላላዩ ነው። ጎረቤትዎ ባለፈው እሑድ ልጆቹን በርገር ካበላ፣ የእርስዎዎቹ ዛሬ ፒዛ መብላት አለባቸው። ደመወዝ ካላደረሰ ከባልደረባ መበደር፣ ካልሆነም የዕቁቡን ዳኛ መለማመጥ ነው። ዕዳ የሚከፈለው በድብቅ ነው፤ ፒዛ የሚበላው ግን በአደባባይ።

በሩ ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ደስ ይበልዎ፤ ትክክለኛው ቦታ ደርሰዋል። ጨዋታ ይዞ መግባት አልተከለከለም፤ ይዞ የሚመጣ ስለሌለ መከልከልም አላስፈለገ። ቀጥሎ ሜኑ ይመጣል። ዋጋው ታክስን እንደማይጨምር ከግርጌ የጉንዳን እግር በምታክል ፊደል ተጽፏል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ ብዙ ቦታ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይደረብበታል። ልምድ ያለው አባት ስለዚህ ሜኑውን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል፤ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ የምግቡን ስም። ከዚያ ሆዱን ደባብሶ «እኔ ቁርሱ ከብዶኛል» ይላል። እናትም ነገሩ ገብቷት «ለእኔም ሻይ ይበቃኛል» ትላለች። ልጆቹ ግን ያዛሉ። ምግቡ ሲመጣ ማንም እንዳይነካ፤ ፎቶ ይቀድማል። ጎረቤት ፒዛውን ካላየው ማን በላው ይባላል?

ከበሉ በኋላ ወደ ልጆች መጫወቻው ነው። እዚያ ጨዋታ የሚገኘው በካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ ገንዘብ ይሞላል። የካርዱ ጥበብ መጨረሻው ላይ ነው፤ ለአንድ ጨዋታ የማትበቃ፣ ለመተውም የምታሳዝን ቀሪ ሂሳብ ያስተርፋል። ታናሽየው ያለቅሳል፣ እርስዎ ይሞላሉ፣ ካርዱም መልሶ ያችኑ ያስተርፋል።

እነዚያ ምስኪኖችስ? ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተው ባሕር ዛፍ ሥር ነጠላ ያነጥፋሉ፤ ከተማዋን ቁልቁል እያዩም «የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» ሲባባሉ ይውላሉ። ታክስ ያልተከፈለበት ነገር እንዴት ደስታ ይባላል? ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ በቀላል ባቡር ይሳፈራሉ። ጉዳይ ኖሯቸው አይደለም፤ ሕፃኑ በመስኮት የሰው ቆርቆሮ እንዲቆጥር ነው!

ሲብስባቸው ብሔራዊ ሙዚየም ይገባሉ፤ ለአገሬው ሰው መግቢያው ከውጭ ዜጋው እንደሚያንስ እያወቁ። ልጃቸውን ከቆመችው የድንቅነሽ ቅጂ ጎን አቁመው ቁመት ያለካካሉ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ በርገር ያልቀመሰች ናት፤ ከእሷ ለልጅ ምን አርአያነት ይገኛል? ቁመቷም ከ1 ሜትር እምብዛም አላለፈም። ልጁ ግን «እኔ እበልጣታለሁ!» ብሎ ይጮሃል፤ አዳራሹ ሁሉ ይስቃል። ከዚያ በእግራቸው ስድስት ኪሎ ወጥተው፣ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም የሆነውን የቀድሞ ቤተ መንግሥት ያያሉ፤ ልጆቹም የጃንሆይን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ሲመረምሩ ይቆያሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ የሚያሳዩት ደረሰኝ እንኳ ረብ ያለው አይደለም።

ስለዚህ አባወራ ሆይ፣ እነዚህን ሰዎች ካዩ መንገድ ይቀይሩ። በተለይ ልጆችዎ ከእነሱ ልጆች ጋር እንዳይገጥሙ ይጠንቀቁ። በነፃ መሳቅ አንዴ ከለመዱ፣ ከዚያ በኋላ ከፍለው የሚያስቁበት ቦታ ማግኘት ይቸግርዎታል።