ለክቡር አቶ ከፋላ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በወረርሽኙ ዘመን ስለሰጡት አገልግሎት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ኮቪድ ስንቱን ጎልማሳ ሲጥል እርስዎን እንዳልነካዎት ተሰምቷል። እንኳን ሊነካዎት፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ወፈር ብለው እንደነበር የሚናገሩም አሉ። ይህ ደብዳቤ ቅሬታ ለማሰማት አልተጻፈም። ሕጉ ለቤት ሠራተኛ አይሠራም በተባለበት አገር ቅሬታ ማቅረብ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነውና፣ ምስጋና ይሻላል ተብሎ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰፍረዋል። የሠራተኞቹ ፓስፖርት እርስዎ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ የዘመን አቆጣጠሩ እንኳ ባለቤቶቹ ዘንድ ይቆይ።

ክቡርነትዎን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስተዋወቂያ ያስፈልጋል። አቶ ከፋላ በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተከብረው የሚኖሩ ሥርዓት ናቸው። አንዲት ወጣት ከደሴ ወይም ከጅማ ተነሥታ ቤሩት ስትገባ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ከአንድ ቤተሰብ ጋር ብቻ ያስሩላታል። ያ ቤተሰብ «ከፊሏ»፣ ማለትም ዋሷ፣ ይሆናል። ከፊሉ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ቤት መዛወር የለም። ደመወዟ ሲከለከል ወይም ስትመታ ጥላ ብትወጣ፣ የሚመዘገበው የደረሰባት በደል ሳይሆን መውጣቷ ነው። «ጠፋች» ይባላል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕገ ወጥ ነች፣ እስርና መባረር ይጠብቃታል። መንደር ድረስ መጥቶ «ልብስ ማጠብና ልጅ መያዝ ነው» ያላት ደላላ ይቺን ክፍል ዘሏታል።

አቶ ከፋላ ብቻቸውን አልቆሙም፤ ሕግ ደግፏቸዋል። በ1939 ዓ.ም የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ዝቅተኛው ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት ገደቡ፣ የዓመት ዕረፍቱ እነሱን አይመለከትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም፣ የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊውን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አጸደቀ። ከዋናዎቹ አርቃቂዎች አንዱ ሊባኖሳዊው ፈላስፋና ዲፕሎማት ቻርልስ ማሊክ ነበሩ። የመግለጫው አንቀጽ 4 ባርነትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 13 ማንም ሰው ካለበት አገር የመውጣት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 13 ሳሎን ተሰቀለ፣ አንቀጽ 7 ማድ ቤት ቆየ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰባ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ አለመጋጨታቸው የክቡርነትዎ የአስተዳደር ጥበብ ነው።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም መንግሥታት ሁሉ ሕዝባቸውን ቤት እንዴት እንደሚያስቀምጡ ጨንቋቸው ነበር። ባለሙያውን የጠየቀ የለም! ሰውን ቤት ማስቀመጥ ለክቡርነትዎ የቆየ ሙያ ነው። በሊባኖስ ከነበሩት ሩብ ሚሊዮን ያህል የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነሱ መካከል በር ከውጭ የሚቆለፍባቸው፣ ስልክ የሚወሰድባቸው፣ የእሁድ ዕረፍት የማያውቁ፣ ማድ ቤት ወይም በረንዳ ላይ የሚተኙ እንዳሉ የመብት ድርጅቶች ለዓመታት ጽፈዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ1999 አጋማሽ እስከ 2000 ዓ.ም ማብቂያ ባለው ጊዜ ቢያንስ 95 ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ መሞታቸውን መዝግቧል። 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ተቆጥረዋል፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፣ ብዙዎቹም ለማምለጥ ሲሞክሩ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ቫይረሱ ስም ሳይወጣለት በፊት ነው።

ሠራተኛዋ የወረርሽኙን መምጣት ያወቀችው በሥራው ብዛት ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም፣ ሚስተር ቢሮ አይሄዱም፣ ማዳም ወዳጅ ዘንድ አይሄዱም። ሁሉም ይበላሉ። የበር እጀታው በቀን ስንት ጊዜ በበረኪና ይወለወላል። ርቀትን መጠበቅ ለሕዝብ የታዘዘ ነበር፤ የታመመውን ሕፃን ያቀፈችው ግን እሷ ነች።

የሊባኖስ ገንዘብ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተንኮታኮተ። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,507 ፓውንድ ገደማ ተቸንክሮ ነበር፤ በሰኔ 2012 ማብቂያ ጥቁር ገበያው ላይ ከ8,000 አለፈ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 150 ዶላር ደመወዝ የተዋዋለች ሴት በይፋዊው ምንዛሪ በፓውንድ ሲከፈላት፣ ሐዋላ ቤት ስትደርስ እጇ ላይ የሚገኘው 28 ዶላር ነበር። ያውም የተከፈላት እንደሆነ። ብዙዎች ጭራሹን አልተከፈላቸውም፤ ዶላር የለም፣ ባንኩ ዘግቷል፣ ታገሺ ተባሉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ሁለተኛውን ብልሃት አወጡ። ድሮ በሩ የሚቆለፈው ሠራተኛዋ እንዳትወጣ ነበር፤ አሁን እንዳትመለስ ተቆለፈ። በግንቦትና በሰኔ 2012 አሠሪዎች በመኪና እያመጡ ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፊት ለፊት ሴቶቹን ጥለው ሄዱ። አንዳንዶቹ ያለ ሻንጣ፣ አንዳንዶቹ ያለ ፓስፖርት፣ ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ሳይሰጣቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ከመጋቢት 9 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ሰኔ 24 ነው። ሴቶቹ ፍራሻቸውን አስፋልት ዳር አነጠፉ። ከፊሉ የጣላት ሴት መኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ይወድቃልና፣ ጎዳና ላይ የተኛችው በመንግሥት ዓይን ሕግ የጣሰችው እሷ ነች። ጣዩ ግን ምን ጣሰ? ክቡርነትዎ ይህን የመሰለ ውል የሚያረቅ ጠበቃ ካለዎት ስሙን ቢልኩ ብዙ ባለ ሀብት ይፈልገዋል።

የቆንስላው በርም ወዲያው አልተከፈተላቸውም። አገር ቤት ለመግባት የቲኬትና የለይቶ ማቆያ ወጪ በዶላር ተጠየቀ፤ ያንኑ አሠሪው «የለም» ያለውን ዶላር። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባም የምስጋናው ተካፋይ ነች። ኢትዮጵያ ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን በ2000 ዓ.ም ከልክላለች። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንዲሆን አዟል። ክልከላው የቆመው ወረቀት ላይ ነበር። መንገዱን ደላላው ወሰደው፤ ሴቶቹ በሦስተኛ አገር በኩል ዞረው ገቡ። በችግራቸው ቀን «እኛ አልላክናችሁም» ለማለት ግን ክልከላው ጥሩ ሰነድ ሆነ።

ወደ ሊባኖስ እንመለስ፤ በሚያዝያ 2012 እዚያ አንድ ሰው ዕቃ በሚገበያዩበት የፌስቡክ ገጽ ላይ አንዲት ናይጄሪያዊት ሠራተኛን በ1,000 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ፤ የፓስፖርቷን ፎቶ ለጥፎ። ግለሰቡ ተያዘ፣ ባለሥልጣናቱም አወገዙት። ይህ ሰው ሳይበደል አልቀረም። ኤጀንሲዎች አንዲትን ሴት ለማስመጣት ከአሠሪው ዶላር ሲቀበሉ፣ «ካልተስማማችሁ እንቀይራለን» ብለው ዋስትና ሲሰጡ ንግድ ፈቃድ አላቸው። የሰውዬው ጥፋት ያለ ደረሰኝ መሥራቱ ይሆን?

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም የቤሩት ወደብ ፈነዳ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩባቸው። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት ቆስላ ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት ፖሊስን ማሰብ ነበረባት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክቡርነትዎ ለጥቂት ጊዜ መታመምዎ አይካድም። ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም በሥልጣናቸው ማብቂያ ላይ የነበሩት የሥራ ሚኒስትር ላሚያ ያሚን ለቤት ሠራተኞች አዲስ ወጥ የሥራ ውል አጸደቁ። ሠራተኛዋ ያለ ከፊሏ ፈቃድ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፤ ፓስፖርቷ እጇ ላይ ይቆያል፤ የሥራ ሰዓቷ ይወሰናል፤ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች። ውሉ እንከን አልባ አልነበረም፤ ከዝቅተኛው ደመወዝ ላይ ለምግብና ለመኝታ ተቀናሽ ይፈቅዳል። ቢሆንም የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር «ጥቅማችን ተነካ» ብሎ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወደሆነው ሹራ ምክር ቤት ሮጠ። ጥቅምት 4 ቀን 2013 ዓ.ም ምክር ቤቱ ውሉን አገደ። በ36 ቀኑ ሞተ፤ ለወንድ ልጅ ክርስትና የሚጠበቀውን 40 ቀን እንኳ አልሞላም። ውሳኔው የኤጀንሲዎቹን ጉዳት መዘነ፤ የሠራተኞቹን መብት ግን ሚዛኑ ላይ አላወጣም ብለው የመብት ድርጅቶች ተችተውታል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ለመሟገት እንዳይደራጁም አስቀድሞ ተመክሮበታል፤ በጥር 2007 የቤት ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር ሲመሠርቱ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፍጓቸው ነበር።

ዘመዶችዎም ደህና ናቸው። የሳዑዲው በመጋቢትና በሚያዝያ 2012 ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን አዲስ አበባ አራገፉ፤ የተባበሩት መንግሥታት «በሽታውን ያዛምታል» ብሎ ቢያስጠነቅቅም። ሪያድ በመጋቢት 2013 የከፋላ ማሻሻያ ሥራ ላይ ስታውል የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አድርጋለች፤ የቤተሰቡ ባህል ነው። ኳታር ግን አስደንጋጭ ነገር አደረገች። በዚያው የወረርሽኝ ዓመት፣ ነሐሴ 2012፣ ሠራተኛ ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ግዴታ በሕግ አነሣች፤ የቤት ሠራተኞችንም ጨምራ። አፈጻጸሙ ብዙ ይቀረዋል፣ «ጠፋች» የሚለው ክስም አልቀረም። ሆኖም «ጊዜው አይደለም» የሚለው የክቡርነትዎ የዘወትር ምክንያት እዚያ አልሠራም።

ክትባት ሲመጣም ሊባኖስ ማንንም አልለይም አለች። በመጋቢት 2013 ማብቂያ ሂዩማን ራይትስ ዎች ቁጥሩን አየ። ሊባኖሳዊ ያልሆኑት ከነዋሪው ቢያንስ 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተከተቡት መካከል ግን 2.86 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምዝገባው በኢንተርኔት ነበር፤ ስልኳ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት በምን ትመዝገብ? ስሟን ለመንግሥት ሰጥታ ብትያዝስ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ምግብ ያደለው፣ የቤት ኪራይ የከፈለው፣ ቲኬት የገዛው አንዱ «እኛ ለኛ በስደት» ነው። በ2009 ዓ.ም ገደማ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ባንቺ ይመር ራሷ ቤሩት በሰው ቤት ሠርታለች። ይህ ለክቡርነትዎ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ እነሱ ከተረዳዱ ሌላው ለምን ይቸገራል? ግን ሴቶቹ የጠየቁት ሩዝና ዘይት አይደለም። ያልተከፈለ ደመወዝ ዕዳ ነው፣ ፓስፖርት የባለቤቱ ነው፣ የሠራ ሰው በሥራ ሕግ ይዳኛል ነው የሚሉት።

መጨረሻ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር። በመስከረም 2013 ማብቂያ አንዲት ኢትዮጵያዊት በቀድሞ አሠሪዋና ባስመጣት ኤጀንሲ ላይ ሊባኖስ ውስጥ የወንጀል ክስ መሥርታለች። ክሱ የውል መጣስ አይደለም፤ ባርነትና የባሪያ ንግድ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ሠርታ ከአንድ ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ደመወዝ ብቻ እንደተከፈላት ትናገራለች። በ1939 የተጻፈው አንቀጽ 7 ከሥራ ሕግ እንጂ ከወንጀል ሕግ አያስወጣም። ጠበቃዎን ቢያማክሩ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦ ለኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር፣ ቤሩት። ይህ ደብዳቤ ጥቅማችንን ይጎዳል የሚሉ ከሆነ ለሹራ ምክር ቤት አቤት ማለት ይችላሉ፤ መንገዱን ያውቁታል።